አላውቅም የማይል መሣሪያ

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ዮርሌኒ ወንበሯ ላይ መቀመጥ አቃታት። ቁጭ ትላለች፣ ብድግ ትላለች፣ መስኮቱ ጋ ሄዳ ዝናቡን ታያለች፣ ተመልሳ ኮምፒውተሯ ላይ ታፈጣለች። ሁለቱም አላማሯትም። ዴሳምፓራዶስ ውስጥ ከዳቦ ቤት በላይ ባለችው ጠባብ ቢሮ ፕሮግራም የሚሠራ ሰው እሷ ብቻ ናት፤ ስለዚህ ጭንቀቷን የምታካፍለው ሰው አልነበራትም። ከታች የሚመጣው ትኩስ ዳቦ ሽታ እንኳ ያን ቀን አስጠላት።

የሥራው ነገር እንዲህ ነው። የምትሠራበት ማኅበር ሳንባቸው ለደከመ ሰዎች የኦክስጅን ሲሊንደር ቤታቸው ድረስ ያደርሳል፤ ከዴሳምፓራዶስ እስከ አሴሪ ተራሮች ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ቤት። እስከዛሬ ሾፌሮቹን በሬዲዮ ሲመሩ የኖሩት ዶኛ ሃኒያ ናቸው። ሃያ ስድስት ዓመት እዚያች ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ «ድሮ ዋርካው ከነበረበት ሁለት መቶ ሜትር ወደ ላይ» ሲባሉ የትኛው ዋርካ እንደሆነ ብቻ ሳይሆን ማን እንደቆረጠውና ለምን እንደቆረጠው ጭምር የሚያውቁ ሴት። ዐርብ ጡረታ ይወጣሉ። ሬዲዮው ይነቀልና ከዚያ ወዲያ ሾፌሮቹን የሚመራው ዮርሌኒ የሠራችው ፕሮግራም ነው።

ፕሮግራሙ ደግሞ ቤት የሚያገኘው ሩምቦ በሚባል መሣሪያ ነው። ሩምቦን ዮርሌኒ አልሠራችውም። ፕሮግራም ሠሪ ሁሉንም ነገር ከባዶ አይጀምርም፤ ሌላው የሠራውን ዝግጁ ዕቃ ወስዶ ሥራው ውስጥ ይገጥማል። ሩምቦም እንደዚያ ያለ ነው፤ አድራሻ ይሰጡታል፣ እሱ ካርታ ላይ ነጥብ ያስቀምጣል። ፈጣን ነው፣ ያምራል። ከሁለት ወር በፊት ስታየው ዮርሌኒ ራሷ ነበረች እጇን እያጨበጨበች «ይኼን እንውሰድ!» ያለችው። አሁን ያ ጭብጨባ ትዝ ሲላት ፊቷ ይግላል።

«ሐሙስ በስምንት ሰዓት ስብሰባ አለን» ብለዋት ነበር ሥራ አስኪያጁ ዶን ኤቬሊዮ። «መሣሪያው የሚችለውንም የማይችለውንም አጣሪና ይሆናል ወይ አይሆንም በይኝ።» ትንሽ አሰቡና ጨመሩበት። «ይሆናል እንደምትይ ግን አውቃለሁ።» ትከሻዋን መታ መታ አድርገው ሄዱ። በዚህ አገር ሥራ አስኪያጅ እንደዚያ ብሎ ከሄደ በኋላ አይሆንም የሚል ሰው ገና አልተወለደም!

ከሁለት መቶ አሥራ ሁለቱ ቤቶች አንዱ የአባቷ ነው። ዶን ሩፊኖ ሠላሳ ዓመት በእንጨት ምድጃ ዳቦ ሲጋግሩ ጭሱ ሳንባቸውን በልቶባቸው፣ ዛሬ አፍንጫቸው ላይ ቀጭን ቱቦ አድርገው አሴሪ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። ሲሊንደሩ በየሁለት ቀኑ ካልተቀየረ አይሆንም። ለዮርሌኒ እንግዲህ የሐሙሱ ቃል የሥራ ቃል ብቻ አልነበረም።

የሩምቦን መመሪያ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አነበበች። ስለሚችለው ነገር ገጽ በገጽ ተጽፏል፤ ሠሪዎቹ ራሳቸውን ማወደስ አይታክታቸውም። ስለማይችለው ግን አንዲት መስመር ብቻ አገኘች፣ እሷም ታች፣ በደቃቅ ፊደል፦ አድራሻው ካልተገኘ መሣሪያው ቅርብ የሚያውቀውን ቦታ ይሰጣል። በቃ፣ ይኸው ነው። አልተገኘም ብሎ ይናገር እንደሆን፣ ያስጠነቅቅ እንደሆን አይልም። ተጠቃሚዎች ቅሬታ የሚጽፉበት ቦታ ገባች። ከማናጓ አንድ ሰው «በእኛ ከተማ አድራሻችን የመንገድ ቁጥር የለውም፣ መሣሪያው ዝም ብሎ የተሳሳተ ቦታ ይሰጠናል» ብሎ ከዓመት ከመንፈቅ በፊት ጽፏል። መልስ የሰጠው የለም። ምንም ሳይሉት መዝገቡን ዘግተውበታል።

«አይ እናንተ!» አለች ዮርሌኒ ለስክሪኑ፣ ጮክ ብላ።

ከዚያ የታማሚዎቹን አድራሻ አንድ በአንድ መመገብ ጀመረች። «ከቤተ ክርስቲያኑ ሦስት መቶ ሜትር ወደ ምዕራብ፣ ድልድዩን ሳትሻገር፣ ባለ ሁለት ቀለም ቤት።» ሩምቦ ዐይኑን ሳያሽ ነጥብ ሰጠ። «የድሮው ዳንስ ቤት ከነበረበት ሰባ አምስት ሜትር፣ ውሻው የታሰረበት በር።» ነጥብ ሰጠ። ነጥቦቹን ካርታ ላይ ስትደረድራቸው ሠላሳ አንድ የተለያዩ ቤቶች አንድ ቦታ ላይ ተከምረው አገኘቻቸው፤ አሴሪ መናፈሻ መሃል፣ የሙዚቃ ባንዱ እሑድ እሑድ የሚጫወትባት መድረክ ላይ። የአባቷም ቤት እዚያው ነው። ሠላሳ አንድ በሽተኛ መድረክ ላይ!

ሮጣ ዶን ኤቬሊዮ ዘንድ ገባች። እሳቸው ተረጋግተው ሰሟትና መሳቢያ ከፍተው ወረቀት አወጡ።

«የሙከራው ሪፖርት አይደለም እንዴ ይኼ? ሦስት ሳምንት ሙሉ ሾፌሮቹ በመሣሪያው ሄደዋል። መቶ አርባ ጉዞ። አንብቢልኝ እስቲ።»

«ደረስኩ፣ ምንም ችግር የለም» ብላ አነበበች። የሚቀጥለውም እንደዚያው። መቶ አርባውም እንደዚያው።

«አየሽ? ካርታሽ ላይ የሚታይሽን አላውቅም፣ ሰው ግን ኦክስጅኑን አግኝቷል። በጣም ደክሞሻል፣ ልጄ። ቤትሽ ሂጂና እረፊ።»

ሄደች፤ ማን ያሳርፋት! ራሷን ተጠራጠረች። አድራሻውን እኔ ነኝ በትክክል ያልመገብኩት? ሾፌሮቹ ስልክ ላይ ሌላ ነገር ይሆን የሚታያቸው? አልጋዋ ላይ ስትገላበጥ አደረችና ረቡዕ በጠዋት የግሬይቪን መኪና ውስጥ ገብታ ቁጭ አለች። ግሬይቪን ከሾፌሮቹ ሁሉ ነባሩ ነው፤ አፉ አያርፍም፣ እጁም ከመሪው ይልቅ አየር ላይ ነው።

«ኢንጂነሯ ራሷ! ዛሬማ በፀሐይ ዝናብ ነው የሚዘንበው» አለ።

«ምንም አትበል። እንደወትሮህ ንዳ» አለችው።

እንደወትሮው ነዳ። ስልኩን መስታወቱ ሥር ሰካው፣ ሩምቦ «ወደ ቀኝ ይታጠፉ» አለ፣ ግሬይቪን ወደ ግራ ታጠፈ። ሩምቦ «እባክዎ ይመለሱ» አለ፣ ግሬይቪን ድምፁን ዘጋበት። አንድ ቦታ ሲጠፋበት ሬዲዮውን አነሳና «ዶኛ ሃኒያ፣ የምትዘለዋ ልጅ እናት ቤት በየት ነበር?» አለ። ዶኛ ሃኒያም ሳይዘገዩ «ድሮ ወተት መሸጫው ከነበረበት ውረድ፣ ሰማያዊ ጣሪያ» አሉት። በር ላይ ደረሰ፣ ሲሊንደሩን አወረደ፣ የቀረበለትን ቡና ጠጣ፣ ተመልሶ ስልኩ ላይ፦ ደረስኩ፣ ምንም ችግር የለም።

ዮርሌኒ ስልኩ ላይ አጎነበሰች።

«ግሬይቪን! ምንድን ነው የጻፍከው?»

«ምን ጻፍኩ? አልደረስኩም እንዴ?»

«በመሣሪያው ነው ወይ የደረስከው?»

ግሬይቪን ጭንቅላቱን አከከ። «ተመልከች እንግዲህ፣ አትቀየሚኝ። ያን ቀን ልታስተምሪን ስትመጪ ኬክ ጋግረሽ አመጣሽልን። የአናናስ። ሁላችንም በላን። ከዚያ በኋላ በምን አፋችን ነው መሣሪያሽ አይረባም የምንልሽ?»

«ሁላችሁም ናችሁ?»

«ሁላችንም። ዶኛ ሃኒያ ራሳቸው ናቸው ‹ልጅቷ ደክማበታለች፣ አታሳፍሯት› ያሉን።»

«ኧረ በእግዚአብሔር!» ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። ማልቀስም መሳቅም አማራት። «መሣሪያው ቤቱን ሳያውቀው አላውቅም አይልም እኮ። ዝም ብሎ አንድ ቦታ ይሰጣል።»

«ታዲያ የአገራችን ልጅ ነዋ!» አለ ግሬይቪን ደስ ብሎት። «እኔን መንገድ ጠይቂኝ፣ ባላውቅም አሳይሻለሁ። አላውቅም ብሎ ሰው ማሰናበት ነውር አይደለም?»

ዮርሌኒ አልሳቀችም። ነገሩ ገባት። መቶ አርባው ጉዞ መሣሪያውን አልፈተነም፣ ይሉኝታን ነው የፈተነው። ይሉኝታ ደግሞ መቶ በመቶ አለፈ። ዐርብ ሬዲዮው ተነቅሎ ዶኛ ሃኒያ ቤታቸው ሲገቡ፣ ነባሩ ሾፌር ሲታመምና አዲስ ሰው ሲተካ፣ ያኔ ሪፖርት አይደለም የሚጎድለው፤ አየር ነው።

ይኼን ለዶን ኤቬሊዮ ብትነግራቸው ሾፌሮቹን ጠርተው ይጠይቃሉ፣ ሾፌሮቹም እሷ ፊት ቆመው «ኧረ ጥሩ ነው» ይላሉ። ስለዚህ የሚታይ ነገር ያስፈልጋታል፤ አንድ እውነተኛ ጉዞ፣ መንገዱን በማያውቅ ሰው፣ በመሣሪያው ብቻ። ሰውየውን አገኘችው፤ ዴልሮይ፣ ባለፈው ሳምንት ከሊሞን የመጣ አዲስ ሾፌር፣ ባሕር ዳርቻ ተወልዶ ያደገ፣ ተራራ ሲያይ አንገቱን የሚያመው። ቤቱንም መረጠች። የሰው አባት ላይ አልሞክርም፣ የራሴ አባት ቤት ይሁን አለች። የዶን ሩፊኖ ሲሊንደር ሐሙስ ጠዋት ነው የሚያልቀው፤ እንደ ሁሉም ታማሚ ግን ጥግ ላይ አንድ ሙሉ መጠባበቂያ አላቸው። ማንም አይጎዳም ብላ አሰበች።

ረቡዕ ማታ ደወለችላቸው።

«አባባ፣ ነገ በአራት ሰዓት አዲስ ሾፌር ይመጣል። ቢጠፋበት እንዳይረዱት። ደጅ ወጥተው እጅ እንዳያውለበልቡ። ለማንም እንዳይደውሉ። ፈተና ነው።»

«ምስኪን ልጅ! ምን አጥፍቶ ነው የሚፈተነው?»

«እሱ አይደለም፣ መሣሪያው ነው። መጠባበቂያው አለ አይደል?»

«አለ፣ አለ። አንቺ ስለኔ አትጨነቂ። ሰውየው ምን ይወዳል? የበቆሎ ታማል ላሙቅለት?»

ሐሙስ ጠዋት ለዴልሮይ ሬዲዮ የሌላት መኪና ሰጠችው።

«መንገድ ላይ ሰው አትጠይቅ» አለችው።

«ሰው ሳልጠይቅ? አሴሪ ላይ?» ዴልሮይ ሳቀ። «እሺ፣ አንቺ ካልሽ።»

በአራት ሰዓት ከሃያ ደወለችለት። «ልደርስ ነው» አላት። ለአምስት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ደወለች። «አሁን፣ አሁን፣ ልደርስ ነው።» አባቷ ዘንድ ደወለች። «ደህና ነኝ ልጄ፣ ሰውየው አይቸኩል፣ መንገዱ ያንሸራትታል» አሏት። መኪናው የት እንዳለ የሚያሳያት ነገር የለም፤ ያላት የሰዎቹ ቃል ብቻ ነው። ከመስኮት ወደ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛ ወደ መስኮት ተመላለሰች። ታች ያሉት ዳቦ ጋጋሪዎች ጣሪያቸውን በመጥረጊያ እንጨት መቱባት።

በአምስት ሰዓት ከሩብ ዴልሮይ «ጥግ ላይ ነኝ» አለ።

«የምን ጥግ?»

«ጥሩ ጥግ ነው» አለ።

አባቷ ዘንድ ደወለች። ስልኩ ብዙ ጠራ።

«አባባ? መጣ?»

«ይመጣል።»

«ደህና ነዎት?»

«ደህና... ነኝ።»

ስልኩ ተዘጋ። ዮርሌኒ ቀፎውን ይዛ ቆመች። አባቷ ስልክ ሲያነሱ የጎረቤቱን ላም፣ የቄሱን ጉልበት፣ የዝናቡን ነገር ሳያነሱ የዘጉበትን ቀን አታስታውስም። ዛሬ ሦስት ቃል፣ በመሃሉም ትንፋሽ። ደረጃውን እንዴት እንደወረደችው አታውቅም።

«ግሬይቪን! ሲሊንደር ጫን! አባቴ!»

ግሬይቪን አንድም ቀልድ አላወጣም። ሠላሳ አምስት ደቂቃ የሚፈጀውን ዳገት በሃያ አምስት ወጣው፤ ዮርሌኒም በየጠመዝማዛው «ፍጠን» እና «ቀስ» እያለች ነፍሷን ጨረሰች። መናፈሻው ጋ ሲደርሱ የዴልሮይ መኪና ከባንዱ መድረክ አጠገብ ቆማ ታየቻት። ዴልሮይ ስልኩን ከፍ አድርጎ እንደ ጠፋ ሰው ዙሪያውን ይዞር ነበር። አልቆሙለትም።

የዶን ሩፊኖ በር ክፍት ነበር። እሳቸው ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሰዋል፣ ፀጉራቸው ተበጥሯል፣ ፊት ለፊታቸው ሁለት ታማል በሳህን ተከድኖ ቀዝቅዟል። ከንፈራቸው ግራጫ ሆኗል። የሲሊንደሩ መለኪያ ቀስት መጨረሻው ላይ ተኝታለች። ጥግ ላይ መጠባበቂያው መቆም ያለበት ቦታ ባዶ ነው።

ግሬይቪን ሲሊንደሩን ተሸክሞ ገባና መፍቻውን አዞረ። አየሩ ሲያፏጭ ተሰማ። ዮርሌኒ ተንበርክካ ቱቦውን አፍንጫቸው ላይ አስተካከለች፤ ሁለት ጊዜ ሳተችው። ከዚያ ሁለቱም የዶን ሩፊኖን ደረት ሲያዩ ቆዩ። ብዙ ቆይቶ ከንፈራቸው ቀለሙን መመለስ ጀመረ።

«መጠባበቂያው የት ሄደ አባባ?»

«ጎረቤቴ ዶኛ ቲታ... የሷ አልቆባት ነበር... እሑድ ዕለት። አበደርኳት።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ትጨነቂያለሽ ብዬ።»

«ዛሬስ? ስደውል? መተንፈስ አቅቶዎት ደህና ነኝ ይሉኛል?»

ዶን ሩፊኖ እጇን ያዙ። እጃቸው ቀዝቃዛ ነበር። «አትርዱት ብለሽኝ የለም? ሥራሽን አላበላሽም ብዬ ነዋ።»

ዮርሌኒ በአባቷ እጅ ላይ ግንባሯን ደፍታ አለቀሰች፤ ደግሞም ተናደደች፤ በመሣሪያው፣ በራሷ፣ በአባቷ፣ በአናናስ ኬኩ፣ በሁሉም። ፈተናውን ያዘጋጀችው እሷ ናት፤ አባቷን መድረክ ላይ ያስቀመጠቻቸው እሷ ናት። ይኼን ማንም አያነሳላትም።

ልክ በስምንት ሰዓት ስልኳ ጠራ። ዶን ኤቬሊዮ ነበሩ፤ ድምፃቸው የሰፊ ክፍል ድምፅ ነው፣ ከኋላ ወንበር ሲንቀሳቀስ ይሰማል።

«ዮርሌኒ! ሁላችንም ተሰብስበናል፣ ዶኛ ሃኒያም አሉ፣ ሾፌሮቹም አሉ። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አድርጌዋለሁ፣ ሁሉም ይሰማሻል። ሾፌሮቹን ጠይቄያቸው ነበር፣ መሣሪያው በጣም ጥሩ ነው ይላሉ። እንግዲህ ያንቺን ቃል ነው የምንጠብቀው።»

ዮርሌኒ አፏን ከፈተች። ብትናገር ምን እንደሚሆን ታውቃለች፤ «ደክሞሻል ልጄ» ይሏታል፣ ክፍሉም በይሉኝታ ዝም ይላል። ስልኩን አባቷ ፊት አደረገችው።

«ዶን ኤቬሊዮ፣ አባቴ አጠገቤ ናቸው። እሳቸው ይንገሩዎት።»

«ዶን ሩፊኖ! እንዴት ነዎት ጌታዬ? ጤና እንዴት ነው?»

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎስ እንዴት...» ዶን ሩፊኖ ጀመሩና አቆሙ። ልጃቸውን አዩ። ዐይኗ ቀልቷል። የተከደነውን ታማል አዩ፣ ጥጉን አዩ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የለም» አሉ። «የለም ዶን ኤቬሊዮ፣ ደህና አልነበርኩም። ሰውየው አልመጣም። የምሞት መስሎኝ ነበር፣ ይኸው አሁን እየፈራሁ ነው የማወራዎት።»

ከማዶ አንድ ሰው አሳለው። ዶን ኤቬሊዮ «እንዴ...» አሉ።

«አይሆንም» አለች ዮርሌኒ ስልኩን ወደ አፏ አስጠግታ። «ቃሌ ይኼ ነው። ቤት አያገኝም፤ አላገኘሁም ብሎም አይናገርም።»

ግሬይቪን በሩ ላይ ቆሞ ቆቡን በእጁ ሲያሽ ነበር፤ ድንገት ወደ ስልኩ ጎንበስ አለና ጮኸ።

«የቫርጋሶችንም ቤት አያገኘውም! አንድ ቀንም አግኝቶት አያውቅም!»

ከማዶ ወንበር ተንቀሳቀሰ። «የዶኛ ፍሎርንም» አለ አንድ የሾፌር ድምፅ፣ ቀስ ብሎ። «ከድልድዩ በላይ ያሉትን ሁሉ» አለ ሌላው። «የምትዘለዋ ልጅ እናት» አሉ ዶኛ ሃኒያ፣ «የአንጥረኛው ልጅ፣ ሁለቱ እህትማማቾች፣ ዶን ቶቢያስ...» ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ መናገር ጀመሩ፣ አንዱ የሌላውን ቃል እየነጠቀ።

«ቀስ! ቀስ በሉ!» አሉ ዶን ኤቬሊዮ። መሳቢያ ሲከፈት፣ ወረቀት ሲገለጥ ተሰማ። «አንድ በአንድ ንገሩኝ፣ ልጻፍ።»